ኮምፒውተሩ እስኪነሳ

ባለፈው ሰሞን የጡረታ መታወቂያዬን ኮፒ ላስደርግ ጉርድ ሾላ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለች አንዲት ጠባብ ኮፒ ቤት ገብቼ ነበር። መብራት ሄዶ ገና መመለሱ ነው። ልጅቷ ኮምፒውተሯን አበራችና "እማማ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፤ ይሄ ነገር ሲነሳ ቀስ ብሎ ነው" አለችኝ። ከኋላዬ የቆመው ጎልማሳ ተቆጣ። "ፎርማት አታስደርጊውም እንዴ? የሰው ጊዜ እኮ ነው!" ሌላው "ቫይረስ ነው" አለ፤ ሦስተኛው "ሚሞሪው አንሶት ነው" አለ። ዘንድሮ ኮምፒውተር የማያክም ሰው የለም። ቆይታ ልጅቷ ክንዴን ነካ አድርጋ "እማማ፣ አሞዎታል እንዴ?" ስትለኝ ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት። ለካ አንገቴን ደፍቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ኖሯል። "ደህና ነኝ ልጄ፣ ጸሎት ላይ ነኝ" አልኳት። "ኮፒ ቤት ውስጥ?" ብላ ሳቀች። አልፈረድኩባትም። ኮምፒውተር ለመነሳት ሲዘገይ አንገቴ በራሱ ጊዜ ይደፋል። ይህን ያስለመደኝ ምናሴ የሚባል ሰው ነው፤ የእሱን ነገር ብጀምርላት ደግሞ ሰልፈኛው ሁሉ እዚያው ይመሽበት ነበር።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ጉርድ ሾላ ከተማ አይባልም ነበር። ከመገናኛ ወዲያ ግራና ቀኙ እርሻ ነው፤ ጥቅምት ላይ ስንዴው ቢጫ ሆኖ አስፋልቱ ዳር ድረስ ይመጣል፤ ሲመሻሽ ጅቡ ይጮሃል። ዛሬ ሰው ከሰው የሚጋፋበት መገናኛም ቢሆን ቀይና ቢጫው አውቶቡስ ሰው አራግፎ የሚዞርበት ሜዳ ነበር፤ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ይውጣል። እኔ ከአክስቴ ጋር ኮተቤ መውጫው ላይ ከአንድ የቀበሌ ቤት እኖር ነበር። ጠዋት አውቶቡሱ ካመለጠኝ በውይይት ታክሲ እሄዳለሁ። ውይይት የምንላት ከኋላ ሁለት አግዳሚ ወንበር ትይዩ የተገጠመላት መኪና ናት፤ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተፋጦ ስለሚቀመጥ እንደ ቀበሌው የውይይት ክበብ ነው ተብሎ ሰው በቀልድ ያወጣላት ስም ነው። ውይይት ግን አልነበረባትም። ሰው ጉልበቱን ከማያውቀው ሰው ጉልበት ጋር አጋጥሞ፣ ዓይኑን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ፣ ሳንቲሙን በመዳፉ ጨብጦ ዝም ነው። ግድግዳም ጆሮ አለው በሚባልበት ዘመን ታክሲማ እንዴት አይኖራት? አለባበሳችንም አንድ ዓይነት ነበር። የቀበሌው ኅብረት ሱቅ አንድ ጣቃ አበባማ ጨርቅ ካመጣ ግማሹ ሠፈር ያንኑ አበባ ለብሶ ይታያል፤ እኔና የጎረቤታችን ልጅ አንድ ቀን አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰን ብንገናኝ መንታ መስለን ሳቅን። ወንዶቹ ሰማያዊ ካኪ፣ ትንሽ ከፍ ያሉት ሳፋሪ ኮት። እግራችን ላይ ኮንጎ ጫማ፤ ፀሐይ ሲመታው የሚያላብስ፣ ብርድ ሲመታው የሚያደርቅ።

ወደ ቦሌ ሲገባ ግን አየሩ ይለወጣል። ከአትላስ ወዲያ የቪላና የባሕር ዛፍ ሠፈር ነበር። በረንዳው ላይ ቦገንቪሊያ የተንዠረገገባቸው ቤቶች፣ ባለቤቶቻቸው የት እንደገቡ የማይጠየቅ፣ በራቸው ላይ የመሥሪያ ቤት ታፔላ የተለጠፈ። አይሮፕላን በጭንቅላታችን ላይ ሲያልፍ መስኮቱ ይርገበገባል፣ ከዚያ የተቃጠለ ጋዝ ሽታ ይከተላል። በመንገዱ ዳር ያሉት ካሴት ቤቶች ድምፅ ማጉያቸውን በር ላይ ሰቅለው የፍቅር ዘፈን ያስጮኻሉ፤ ባለካሴቱ ጀርባ ካለው መደርደሪያ ደግሞ፣ ለሚያውቀው ሰው ብቻ፣ ሽፋኑ ላይ የዘፋኝ ፎቶ ያለበት፣ ውስጡ ግን መዝሙር የተቀዳበት ካሴት ይወጣል። ጴንጤ ነበርን። ዛሬ ይህን ቃል ሰው እንደ ቀላል ይለዋል፤ ያኔ ስድብም ክስም ነበር። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ቆይቷል፤ ቁልፉ የቀበሌው ሊቀመንበር ኪስ ውስጥ ነው፤ አዳራሹ የእህል መጋዘን ሆኗል። በልደት ስም ኬክ ቆርሰን ቤት ለቤት መሰብሰብ ጀምረን ነበር፤ የሠፈሩ ሰው "ይህቺ ልጅ በዓመት ስንቴ ነው የምትወለደው?" ማለት ሲጀምር እሱም ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም በየጓዳው፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ለብቻው ሆነ። ለብቻ መጸለይ ይቻላል፤ ግን እንደ አንድ ከሰል ነው፣ ቶሎ አመድ ይለብሳል።

የምሠራው የመለዋወጫ ዕቃ ከሚያስመጣ አንድ የመንግሥት ኮርፖሬሽን ነበር። ቢሮው ከአትላስ ወደ ቦሌ መንገድ በሚያስወጣው ጥርጊያ ላይ ካለ የተወረሰ ቪላ ነው። የደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ላይ ለዚህ ቤት አንድ ኮምፒውተር መጣለት። ዳቦ በሰልፍ በሚገዛበት ጊዜ ዶላሩ ከየት እንደተገኘ አላውቅም፤ የእርዳታ ነው ያለም ነበር። እንደ ሙሽራ ነው የተቀበልነው። የቪላው ትልቁ መኝታ ቤት ተለቆለት፣ ምንጣፍ ተነጥፎለት፣ መስኮቱ ታሽጎ መጋረጃ ወርዶለት፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ እንኳ የሌለው አየር ማቀዝቀዣ ተገጠመለት። "አቧራ ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ተለጠፈ። ወደዚያ ክፍል የሚገባ ሰው ጫማውን አውልቆ በር ውስጥ ካለው መደርደሪያ ላይ ያኖራል፣ ነጭ ጋዋን ይለብሳል። የማይሠራበት ሰው ጭራሽ አይገባም። በቁልፉ የሚገባበት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ኦፕሬተሩ ምናሴ። እኔ የዕቃ ዝርዝርና የደመወዝ ሂሳብ ማሽኑ ላይ የምጽፍ ረዳቱ ነበርኩ።

ምናሴ ከሆሳዕና ወገን ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ጭምር የሚቆልፍ፣ አንድ ቡናማ ሹራብ ያለችው ሰው። ክርኗ ላይ ስትሳሳ ራሱ በመርፌ ሸምኖ ጠገናት፤ ጥገናው ከሹራቧ ያምር ነበር። ቀልደኛ ነው፤ ሲቀልድ ግን ፊቱ አይስቅም። መፈክር ሲባል ግራ እጁን እንደ ሰው ሁሉ ያነሳል፤ አፉ ግን አይከፈትም። ጓድ በቀለ፣ የመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ መሪ፣ አንድ ቀን "ጓድ ምናሴ፣ ድምፅህ አይሰማም" ቢለው "ጉሮሮዬን ያመኛል ጓድ" አለ። እውነቱን ነበር፤ ጉሮሮውን ያመው ነበር። ምናሴ አይዋሽም፤ እውነትን ግን ቆርሶ መስጠት ያውቅበታል።

ማሽኑ በመጣ በዓመቱ ታመመ። መጀመሪያ ያመመው የምሩን ነው። ጥርጊያው ላይ ቦይ ሲቆፈር ከርሞ፣ የታሸገው መስኮት ምን ቢታሸግ አቧራው ገብቶ ኖሯል። ጠዋት ምናሴ ማብሪያውን ይጫነዋል፣ ማሽኑ ያጓራል፣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት አረንጓዴ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ዲስኩ ክር ክር ይላል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ክር ይላል። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሳይፈጅ አይነሳም። አጥፍተን እናብራው ብለን ነበር፤ ባሰበት። የመብራቱን ኃይል የሚያስተካክለውን ሳጥን ለወጥን፤ ምንም። ከውጭ ባለሙያ ይምጣ ቢባል ለእሱም ዶላር ያስፈልጋል። ስለዚህ ምናሴ ከሥራ መግቢያ ቀደም ብሎ እየመጣ ማሽኑን ያስነሳ ጀመር፤ እኔም እመጣለሁ። አንድ ቀን ያቺን ሰረዝ ስመለከት ቆይቼ ዘወር ብል ምናሴ ወንበሩ ላይ አንገቱን ደፍቷል። ያንቀላፋ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል ሹክሹክታውን ሰማሁት፤ የእኛው ጸሎት ነው። በዚያ ቤት ከዓመት በላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንዳችን የሌላችንን አናውቅም ነበር። ዘመኑ እንዲህ ነው የነበረው። አጠገቡ ተቀመጥኩና "አሜን" አልኩ። ዓይኑን ሳይከፍት "እህት ማርታ፣ ቀስ በይ፤ ዲስኩ ያነባል" አለኝ።

በኋላ ሁለት ሰዎች ተጨመሩ። አንደኛው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ አቶ ጴጥሮስ ናቸው፤ ከወለጋ የመጡ፣ ጸጉራቸው የነጣ፣ ስድስት ልጆች የሚያሳድጉ ትልቅ ሰው። ሁለተኛዋ ታይፒስቷ ሰናይት ናት፤ ለመታጨት የደረሰች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን። ሁለቱም ለማሽኑ የሚገባ ወረቀት ይዘው ስለሚመጡ ጠዋት መግባታቸው ማንንም አላስገረመም። ጫማችንን መደርደሪያው ላይ እናኖራለን፤ በር ይቆለፋል፤ አየር ማቀዝቀዣው ያንጎራጉራል፤ የእኛ ሹክሹክታ ከእሱ ድምፅ በታች ይሆናል። አቶ ጴጥሮስ በመጀመሪያው ቀን ካልሲያቸው ቀዳዳ ስለነበረው አፍረው እግራቸውን ሲደብቁ ምናሴ አያቸውና "አባባ ጴጥሮስ፣ ጫማ አውልቁ ያሉን አቧራ ጠልተው ነው፤ ሙሴን ጫማህን አውልቅ ያለው ግን ካልሲውን አላየበትም" አላቸው። ሽማግሌው በሳቅ ሊሞቱ ነው፤ አፋቸውን በጋዋኑ አፈኑ። በሕይወቴ ትልልቅ አዳራሾች ውስጥ፣ በድምፅ ማጉያ፣ በከበሮም ጸልያለሁ። ያንን የመሰለ አላገኘሁም።

ከዚያ ምናሴ ማሽኑን አዳነው። ዝም ብሎ ማየት የሚያመው ሰው ነው። አንድ ቅዳሜ ከሠፈሩ ልጅ የብስክሌት መንፊያ ተውሶ መጣና የማሽኑን ሆድ ከፍቶ አቧራውን አስወጣለት፤ ማራገቢያው ላይ የተጠመጠመው አቧራ እንደ ጥጥ ነበር። የነበረውን ሥራ ሁሉ በፍሎፒ ዲስክ ላይ ገልብጦ አወጣ፣ ዲስኩን አጸዳ፣ መልሶ ጫነ። ሰኞ ጠዋት ማብሪያውን ሲጫን ማሽኑ ጋዋናችንን ቆልፈን ሳንጨርስ ተነሳ። ሰናይት በደስታ አጨበጨበች። ከዚያ ጭብጨባዋን አቆመች። የገባን ያኔ ነው። ማሽኑ ከተነሳ በር ይከፈታል፤ በር ከተከፈተ ሥራ ነው፤ የምንቀመጥበት ምክንያት የለም። አቶ ጴጥሮስ ወረቀታቸውን አንስተው "እንግዲህ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድኗል" አሉና እንደ ለቅሶ ቤት ወጡ። ያን ሳምንት እንደ ባዕድ ኮሪደር ላይ እየተላለፍን ሰነበትን።

በሚቀጥለው ሳምንት ማሽኑ እንደገና ዘገየ። "መልሶ ታመመ እንዴ?" አልኩት ምናሴን። ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ "እባክዎ ይጠብቁ" የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ተቀምጧል። "አልታመመም" አለኝ። "እኔ ነኝ ቆይ ያልኩት።" ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ ምን ምን እንደሚሠራ የሚያዝዝ አጭር ጽሑፍ አለው፤ እዚያ ላይ ጥቂት መስመሮች ጨምሮ ነው። ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር እንዲያነብ፣ ሲጨርስ እንደገና እንዲያነብ፣ ለሦስተኛ ጊዜም እንዲያነብ፣ ከዚያ እንዲነሳ። ደነገጥኩ። "አሻጥር ነው ይሉሃል እኮ!" አልኩት። አሻጥር ማለት ያኔ የዋዛ ቃል አይደለም፤ ሰው አስገድሏል። ምናሴ ግን አስቦበታል። "የማንንም ጊዜ አልሰረቅኩም። ከሥራ ሰዓት የወሰድነው ካለ በምሳ ሰዓቴ እሞላዋለሁ" አለ፤ ደግሞም ሞላው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳ ሲበላ ያየው የለም። ለሁላችንም አንድ ነገር ነገረን። "ነገር ቢመጣ መስመሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቁልፉም የእኔ ነው። ከእናንተ አንድ ሰው ብድግ ካለ ሦስታችሁንም ያስበላል። አባባ ጴጥሮስ፣ በተለይ እርስዎ። ቃል ይግቡልኝ።" ሽማግሌው እምቢ አሉ። ምናሴ የስድስቱን ልጆቻቸውን ስም አንድ በአንድ ጠራላቸው። በመጨረሻ ቃል ገቡ። እኛም ገባን።

ያ ጊዜ ምን ያህል ቆየ? ሁለት ክረምት ያየን ይመስለኛል። ማሽኑ ያነባል፣ እኛ እንጸልያለን። ውጭ ጦርነቱ እየባሰ ነበር፤ በየሠፈሩ ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና ይታፈሳል፣ እናት ልጇን ከአልጋ ሥር ትደብቃለች፣ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ይጠፋል። ሰናይት ወንድሟ ከግንባር ደብዳቤ ካልጻፈ ስድስት ወር ሲሆነው ያለቀሰችው እዚያ ምንጣፍ ላይ ነው። በሌላ ቦታ ማልቀስ አይቻልም ነበር፤ "የወታደር እህት በኩራት እንጂ በእንባ አትታወቅም" ይባል ነበርና። እዚያ ግን ማሽኑ እስኪነሳ አለቀሰች። ሲነሳ ፊቷን በጋዋኑ ጠርጋ ወደ ታይፗ ሄደች።

ጓድ በቀለ ስለማሽኑ ማንሳት የጀመረው ለክፋት አይመስለኝም። ከላይ የመጣ ሰው ቤቱን ሲጎበኝ ጠዋት ደርሶ ነበርና በሩ ላይ ቆሞ ማሽኑ እስኪነሳ ጠበቀ፤ አንድ ሻይ ጠጣ፣ ሁለተኛ ጠጣ፣ ተቆጥቶ ሄደ። እንደ ዕድል ሆኖ በዚያን ቀን ምናሴ ብቻውን ነበር። በሳምንቱ ከአንድ ሌላ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ተላከ፤ ኢንጂነር ፍቅሩ፤ ከሶሻሊስት አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ወፍራም መነጽር ያለው፣ ሰው ሰላም ሲል አንገቱን የሚሰብር ጨዋ ልጅ። ምናሴ ያን ቀን ለበጀት ወረቀት ፒያሳ ተልኮ ነበር፤ ቁልፉን አምጣ ተብሎ እስኪመለስ ለጓድ በቀለ አስረክቦ ነው የሄደው። በቀለ ቁልፉን ሰጥቶኝ ፍቅሩን ወደ ክፍሉ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጫማውን በትሕትና አወለቀ። ማሽኑን አብርቶ ጆሮውን አስጠጋ፤ እንደ ሐኪም አዳመጠው። "ዲስኩ ጤነኛ ነው" አለ ለራሱ። "ታዲያ ምን ያነባል?" ከዚያ ሁለት ቁልፎች ተጭኖ አቆመውና የማነሻውን ጽሑፍ ከፈተ። ከጀርባው ቆሜ መስመሮቹን አየኋቸው። እሱ ፈገግ አለ፤ እንቆቅልሽ የፈታ ተማሪ ፈገግታ። መስመሮቹን ሰረዛቸው፣ ማሽኑን አጥፍቶ አበራው፣ ወዲያው ተነሳ። "አየሽ ማርታ? ሕመም የለበትም!" አለኝ። ለማንም አትንገር ልለው ፈለግኩ። ምን እለዋለሁ? ሰውየውን አላውቀውም። ያኔ ደግሞ የማያውቁትን ሰው አደራ አይሉም።

ሰኞ ከሰዓት የውይይት ክበብ ነበር። ከመሥሪያ ቤቱ ጓሮ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው መኪና ማቆሚያ፣ አግዳሚ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ሕዳር ነበር መሰለኝ፤ ፀሐዩ ደስ ይላል፣ ንፋሱ ይቆርጣል። ፍቅሩ የክብር እንግዳ ሆኖ ከፊት ተቀምጧል። ጓድ በቀለ አመስግኖት ሲያበቃ "ጓድ ኢንጂነር፣ ሠራተኛው እንዲማርበት የማሽኑ በሽታ ምን እንደነበር ቢያብራሩልን" አለ።

ፍቅሩ ተነሳ። መነጽሩን አስተካክሎ፣ ልክ ለእኔ እንዳለኝ፣ በዚያው ፈገግታ፣ "በሽታ እንኳ የለበትም። ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ ታዞ ነው" አለ።

"በማን ታዞ?" አለ በቀለ።

የፍቅሩ ፈገግታ ሲጠፋ አየሁት፤ ምን እንደተናገረ ያኔ ገባው። "ማለቴ... ከፋብሪካው የመጣ ሊሆንም ይችላል፤ አንዳንድ ማሽን ላይ..." አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በቀለ ግን እሱን ማየት ትቷል።

ምናሴ ተነሳ። "እኔ ነኝ ያዘዝኩት" አለ።

"ለምን?"

"ለመጸለይ። ጠዋት ጠዋት ማሽኑ እስኪነሳ እጸልያለሁ።"

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ብቻውን ቀርቶ ቆመ። "ጴንጤ ነህ?" "ነኝ።" "ከማን ጋር ነው የምትጸልየው?" አቶ ጴጥሮስ ከእኔ ቀጥሎ ነበሩ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ሊነሱ ወደ ፊት አዘነበሉ። ምናሴ ወደ እኛ አልተመለከተም፤ ድምፁን ብቻ ከፍ አደረገ። "በሩ የሚከፈተው በእኔ ቁልፍ ነው ጓድ። ጠዋት ጠዋት ከእኔ ሌላ ቁልፍ የያዘ የለም።" ይህም እውነት ነበር። ሽማግሌው ወደ ኋላ ተመለሱ። ሰናይት ሦስት ረድፍ ወደ ፊት ተቀምጣ ነበር፤ የማየው የሻሿን ቋጠሮ ብቻ ነው። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ዝምታችን የጠላሁት ነገር የለም። ቃል ገብተን ነበር፣ ቃላችንን ጠበቅን፤ እንዲህ ቢሉትም አያጽናናም።

የመጡት በማግሥቱ ጠዋት ነው። ምናሴ እንደ ልማዱ ቀደም ብሎ ገብቶ ማሽኑ ፊት ተቀምጧል። ሁለት ሰዎች በጫማቸው ምንጣፉ ላይ ገቡ፤ እዚያ ላይ ጫማ ሲረግጥ ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ካልሲውን ብቻ እንዳደረገ ወሰዱት። ጫማውን ይዤ ወደ ውጭ ስሮጥ የጫነችው ላንድሮቨር ጥርጊያውን ጨርሳ ወደ ዋናው መንገድ ስትታጠፍ ደረስኩ።

ከዚያ በኋላ ማሽኑ እንደ ነፋስ ሆነ። ሌላ ኦፕሬተር ተተካ፤ ጠዋት ይጫነዋል፣ ይነሳል። ደመወዝ ቀኑን ጠብቆ ወጣ፣ የዕቃ ዝርዝር ሳይዘገይ ደረሰ፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ ተደሰቱ። እኛን ማንም አልጠየቀንም። አባባ ጴጥሮስ አንድ ቀን ግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆመው "የስሜ ባለቤት ሦስቴ ተጠይቆ ሦስቴ ካደ፤ እኔን ግን የጠየቀኝ የለም" አሉኝ፤ ዓይናቸው ቀይ ነበር። በዓመቱ ወደ ነቀምቴ ቅርንጫፍ ዝውውር ጠይቀው ሄዱ። ሰናይት አገባች፤ ባሏ የእኛ እምነት ሰው አልነበረም፤ ሥራውንም ተወችው። ፍቅሩ አንድ ጊዜ ቢሮ ድረስ መጥቶ ኮሪደሩ ላይ አስቆመኝ። "ማርታ፣ ማሽን ነው ያየሁት፤ ሰው እንዳለበት አላየሁም" አለኝ። አልጠላሁትም። ያን ቀን ፈገግ ብሎ የተናገረው እውነቱን ነው፤ በዚያ ዘመን እውነት የሚጎዳው ማንን እንደሆነ ካልቀመሱት አይታወቅም። ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን አግኝቼው ነበር፤ ጸጉሩ አልቋል። ሰላም ተባባልንና እሱ ቀድሞ ወጣ።

ምናሴ ከእስር ቤት በእግሩ አልወጣም። መንግሥት ሊለወጥ ጥቂት ሲቀረው ተስቦ ገብቶ ብዙ እስረኛ ፈጀ፤ ከእነሱ አንዱ ሆነ። የነገረኝ አብሮት የታሰረ ሰው ነው፤ የተቀበረበትን ግን አላወቀልኝም። እናቱ ከሆሳዕና መምጣት የማይችሉ አሮጊት ነበሩ፤ በፖስታ የጻፍኩላቸውን ማን እንዳነበበላቸው እንኳ አላውቅም።

እኔ በሕይወት ሳለ አንድ ጊዜ ብቻ ልጠይቀው ቻልኩ። ከታሰረ ከወራት በኋላ ነው። "የአጎቱ ልጅ ነኝ" ብዬ ገባሁ፤ አክስቴ "እሳት ውስጥ እግርሽን ትከቺያለሽ" ብላ አልቅሳ ነበር። የገብስ ቆሎና በሶ ይዣለሁ፤ ያቺንም ቢሮ የቀረች ጫማውን። በሽቦ ማዶ ጠያቂውና ተጠያቂው ጎን ለጎን ተደርድሮ ይጮኻል፤ መካከል ላይ ጠባቂ ይመላለሳል። ምናሴ ሲመጣ አላወቅኩትም ነበር። በእግሩ ጠርዝ ነው የሚራመደው፤ የውስጥ እግሩን መሬት ማስነካት አልቻለም። ወፌ ላላ ሰቅለው እንደገረፉት አልነገረኝም፤ መንገርም አያስፈልገውም ነበር። ጫማዋን አየና "ይቺ አትገባልኝም አሁን፤ ለሰው ስጫት" አለኝ። ፊቱ ጭራሽ ሥጋ የለውም፤ ያው የማይስቅ ፊቱ ግን አለ።

ጠባቂው ወዲያ እስኪል ጠብቆ ወደ ሽቦው ተጠጋ። የሚጠይቀኝን አውቄ ነበር፤ ስለፈራሁት እንቅልፍ አጥቼ ነው ያደርኩት። "ጠዋት ጠዋት ትገናኛላችሁ?" አለኝ።

ልመጣ ስል ሌላ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ "እንገናኛለን፣ አንተንም እናስባለን" ልለው። ፊቱን ሳየው ግን መዋሸት አልቻልኩም። እሱ ዋሽቶ አያውቅማ። ስማችንን ላለመስጠት እግሩን ሰጥቶ፣ እኛ አራተኛው ሲጎድል ሦስታችንም ተበትነን፣ አንዳችን የሌላችንን ዓይን ሸሽተን፣ እኔ እንኳ ብቻዬን መጸለይ ትቼ። "አንገናኝም ምናሴ" አልኩት። "ካንተ ወዲህ አንድ ቀንም አልተገናኘንም።"

ወደ እግሩ ተመለከተ፣ ወደ ሰማይ ተመለከተ። አይሮፕላን እያለፈ ነበር፤ ድምፁ እስኪሄድ ጠበቀ። የሚቆጣ፣ የሚያለቅስ፣ "ታዲያ እኔ ለምን?" የሚለኝ መስሎኝ ጣቴን ሽቦው ውስጥ ጨብጬ ቆሜአለሁ። ቀና ብሎ ያየኝ ግን ልጅ ሲያባብል እንደሚያይ ሰው ነው።

"ማሽኑ ፈጥኖ ነዋ!" አለኝ። "ኢንጂነሩ ፈጣን አድርጎት ሄደ አይደል? ወዲያው ይነሳል። ጊዜ የላችሁማ።"

ጠባቂው "ሰዓት!" እያለ በመስመሩ ላይ ይመጣ ነበር።

"ማርታ፣ ስሚኝ፤ ለአባባ ጴጥሮስም ለሰናይትም እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው፤ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ የማሽኑ ነው። አይደለም እንዴ? ንገሪኝ እስቲ።"

"አዎ" አልኩት። "የማሽኑ ነው።"